ቀለም ቀቢውን ከመጥራትሽ በፊት ዣንጥላ ያዢ

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ያለውን ቤቷን ለመሸጥ ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ተስማምተናል። የወራሽነቱ ጉዳይ አልቋል፤ ካርታውም በስማችን ሆኗል። ቤቱ የጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ከኋላ ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ አለው፤ ቦታው 220 ካሬ ነው። እስካሁን ሁለት ገዢ መጥቷል። አንደኛው ገና በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ወደ ታች አየና ‹እንደዋወላለን› ብሎ ሄደ፤ አልደወለም። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ 300,000 ብር ልኮ ‹ፊቱን ሴራሚክ አልብሱት፣ በሩንም ሰፋ አድርጋችሁ አዲስ አስበይዱ› ይላል። ደላላው ‹ሰው የሚገዛው ቦታውን ነው፣ ቀለም ብቻ ቀቡት› ይላል። እህቴ ደግሞ አንድ ብር አይውጣበት ባይ ናት። ከጀርባ በኩል ከመስኮቱ ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ አለ። ቀለም ቀቢው ‹በስቱኮ ይደፈናል፣ አይታይም› ብሎኛል። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። የውጩን ምን ላድርገው?»

መልስ፦

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር።

ደላላው ግማሹን እውነት ነግሮሻል። አዲስ አበባ ውስጥ የጭቃ ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ልቡ ያለው ካሬው ላይ ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገዢው የሚመኘው ቦታውን ቢሆንም ውል ላይ የሚሰፍረው ያ ያረጀ ቤት ነው። በዚያ ላይ በገዛ ማግስት አፍርሶ ፎቅ የሚያቆም ሰው ጥቂት ነው። ገንዘቡ እስኪጠራቀም፣ ፈቃዱ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ክረምት ይኖርበታል፤ ካልሆነም ያከራየዋል። በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ወደ ታች ያየው ሰውዬ ያንን ክረምት ነው ሲያሰላ የነበረው።

እኔ ለብዙ ዓመት ካቦ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው አብሬው እንድሄድ ሲለምነኝ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው የት እንደሚሄድ። ቀለም ሁለተኛ ነው፣ ሴራሚክ አራተኛ አምስተኛ ነው። አንቺም ደብዳቤውን በሐምሌ መጨረሻ መጻፍሽ በጀሽ። በጥር ብትጽፊልኝ ኖሮ ሁሉም ደርቆ ምንም አይታይሽም ነበር።

እንግዲህ ይህንን አድርጊ። ዝናቡ ጠንከር ባለ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዣንጥላና ቦቲ ጫማ ይዘሽ እናትሽ ግቢ ሂጂ። ቤት ውስጥ አትግቢ። ግቢው መሀል ቁሚና ከክዳኑ የሚወርደውን ውሃ እስከ መጨረሻው በዓይንሽ ተከተዪው። አሸንዳው ተቀብሎ ያወርደዋል ወይስ መሀል ላይ ሞልቶ ይፈስሳል? ማውረጃው ቱቦ ውሃውን የሚተፋው የት ነው? ግድግዳው እግር ሥር ከሆነ የቤትሽን በሽታ አገኘሽው ማለት ነው። ቀላል ስሌት ልስጥሽ። መቶ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ አምስት በርሜል። የነሐሴ ዝናብ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። አምስት በርሜል ውሃ ጭቃ ግድግዳ ሥር በየቀኑ የሚደፋ ጎረቤት ቢኖርሽ ትከስሺው ነበር።

ከዚያ ከላይኛው አጥር በኩል ሂጂ። ሰፈርሽ የእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ከራስሽ ክዳን ሌላ ከዳገቱ የሚመጣ ጎርፍ አለ። ከላይኛው ጎረቤት ግቢ ገብቶ በእናትሽ ግቢ የሚያልፍ ውሃ ካለ መንገዱን እይ። ቦይ አለው ወይስ እንደ ልቡ ነው የሚሄደው? በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪው። ቪዲዮው ኋላ ከሠራተኛ ጋር ስትነጋገሪ ይጠቅምሻል፤ «የት ጋ ነው?» ሲልሽ ፀሐይ ላይ ቆመሽ በእጅሽ ከመጠቆም ይሻላል። (ይህን የምታነቡ ቦሌና አቃቂ በኩል ያላችሁ፣ የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይነሳል ይወርዳል። እሱን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።)

አሁን ገንዘቡ። መጀመሪያ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አሸንዳው የዛገውን ቀይሪ፣ የጎበጠውን አስተካክዪ፣ ቅጠሉን አስጠርጊ። ማውረጃ ቱቦው ታች ሲደርስ ክርን አስገጥመሽ ውሃውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቂው። ከዚያም በሲሚንቶ በተሠራ ቦይ ወደ መንገዱ ዲች ይውጣ። ቤቱን ዙሪያውን፣ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ወይም የድንጋይ ንጣፍ አስደርጊ፤ ስፋቱ ስልሳ ሰባ ሳንቲም ቢሆን ይበቃል። ከውጭ የተከመረ አፈር ከግድግዳው ልስን ላይ ወጥቶ ከሆነ አስዝቂው። ብዙ ሽማግሌ ቤት የሚሞተው በዚህ ነው። ግቢው በየዓመቱ አፈር እየለበሰ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ባለበት ይቀራል፣ ቀስ በቀስ ውጩ ከውስጡ ወለል ይበልጣል። የቀን ሠራተኛ በሁለት ቀን ዝቆ የሚጨርሰው ነገር ነው፤ ማንም ግን ትዝ አይለውም።

ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አያምርም። ወንድምሽ በቪዲዮ ሲያየው «ይሄ ነው ወይ?» ይልሻል። ንገሪው፤ አዎ፣ ይሄ ነው።

ስለ ሴራሚኩ ለእሱ የምትነግሪው አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ አይለጠፍም፤ ቢለጠፍም አይቆይም። ሲሚንቶ ልስኑ ራሱ ጭቃው ላይ በወጉ አልተያያዘም። በእጅሽ መዳፍ ግድግዳውን መታ መታ እያደረግሽ ዙሪያውን ብትሄጂ «ዱብ ዱብ» የሚል ባዶ ድምፅ የምትሰሚበት ብዙ ቦታ ታገኛለሽ። ያ ልስን ከጭቃው ተለያይቶ ቆሟል ማለት ነው። እሱ ላይ የሴራሚክ ክብደት ስትጨምሪበት ገዢ ፊት ይረግፋል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ልስን አስነሺውና ጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ በምስማር አስመትተሽ አስለስኚው። ሽቦው ከሌለ አዲሱም እንደ አሮጌው ይለያያል። ልሳኙ «አያስፈልግም» ካለሽ ሌላ ልሳኝ ፈልጊ። የወንድምሽን ሐሳብ ግን አትናቂበት። ሰው ከሩቅ ሆኖ የእናቱን ቤት ሲያስብ የሚያስበው ለገዢ ሳይሆን ለእሷ ነው፤ ሴራሚኩም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ስንጥቁ ላይ ደረስን። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የልስኑ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤ ይህን ቀለም ቀቢውም ይደፍነው፣ አልከራከርም። ሌላው የግድግዳው ነው፤ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት ርካሽ ዘዴ አለ። ትንሽ ጅብሰም በጥብጪና ስንጥቁን አሻግረሽ፣ እንደ ፕላስተር፣ ሦስት ቦታ ላይ ለጥፊው። ቀኑን በእርሳስ አጠገቡ ጻፊ። የስንጥቁንም የላይና የታች ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰሽ እዪ። ጅብሰሙ ካልተሰነጠቀ ቤቱ ያረፈ ነው። ከተሰነጠቀ አሁንም እየሄደ ነው።

ቀጥለሽ ካቻቢቴ ያዢና ከዚያው ጥግ በታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ልስኑ የተነሳበት ቦታ ካለ የማእዘኑን ቋሚ እንጨት ወጋ አድርጊው። እንጨቱ ከተቋቋመሽ ጥሩ። ካቻቢቴው እንደ ቂጣ ሰርስሮ ከገባ የቋሚው እግር በስብሷል፣ አለዚያም ምስጥ በልቶታል። ያኔ ስንጥቁን የሚያመጣው የእንጨቱ መስመጥ ነው፤ ስቱኮ ሊደፍነው አይችልም። የበሰበሰውን እግር ቆርጦ በድንጋይና በሲሚንቶ ማቆም ግን ጥሩ አናጢና ግንበኛ ካገኘሽ የሚቻል ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት እንዲህ ተደርጎ ሲቆም አይቻለሁ።

ለምን እንዲህ አጠበቅኩት? አንድ ጊዜ የራሴን ቤት ስሸጥ እኔው ቀለም ቀቢውን ሆኜ አውቃለሁ። የምሥራቁ ግድግዳ እግር በየክረምቱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ያወጣ ነበር። የእርጥበቱን ምክንያት ሳላስተካክል በብሩሽ ጠርጌ፣ ሁለት እጅ ቀለም አስቀብቼ ገዢ ጠራሁ። የመጡት ሴትዮ ሽማግሌ ነበሩ። ቤቱን ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ሄዱና መዳፋቸውን ግድግዳው እግር ላይ አሳርፈው «ይሄ ለምን ብቻውን አዲስ ሆነ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ደህና የነበረውን ክዳን እንኳ አላመኑኝም፤ ዋጋው በዚያች መዳፍ ወረደ። ብቻውን አዲስ የሆነ ቦታ ከስንጥቁ የበለጠ ይታያል።

ሕጉም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። አውቆ የደበቀውን ደግሞ «ተንኮል» በሚለው ሥር ያየዋል፤ ውል እስከ ማስፈረስ ይሄዳል። እናንተ ሦስት ወንድምና እህት ናችሁ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነው፤ የዛሬ ዓመት ፍርድ ቤት መመላለሱ የማን ዕጣ እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ስንጥቁን ጠግኚው፣ የጠገንሽበትን ፎቶ አስቀምጪ፣ ገዢው ሲመጣ ራስሽ ወስደሽ አሳዪው። «እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበር፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር፣ እንዲህ አድርገን ጠገንነው» የምትል ሻጭ ሰው አይሸሻትም።

ስለ በሩ አጭር እላለሁ። አዲስ አታስበይዱ፤ ማስፋቱንም ተዉት። በር ሲሰፋ አጥር ይፈርሳል፣ ያ ደግሞ የወረዳ ፈቃድ ይጠይቃል። ልትሸጪው ላለሽው ቤት ወረዳ መመላለስ ምን ያደርግልሻል? የላሜራው በር ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይውጣ፣ አንድ እጅ አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ዘይት ቀለም ይበቃዋል። ማጠፊያውን ቅባት አጠጪው። በር ሲንሲያጠጥ ገዢው ገና ሳይገባ አርጅቶበታል። ሁለቱም ተካፋች እስከ መጨረሻው ይከፈቱ፤ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ይግባ፣ ውጭ ቆሞ እንዳያስብ። የቤት ቁጥሩ ታርጋ ከወደቀም መልሺው። ደላላው ስልክ ይዞ «ከጥዱ አጠገብ ያለው» እያለ ሰው ሲያንከራትት ሰምቼ አውቃለሁ።

አጥሩ ላይ ከመልኩ በፊት መስመሩን እዪ። ካርታውን አውጪና ከሳይት ፕላኑ ጋር በሜትር አመሳክሪ። አሮጌ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ አጥር ይሄዳል፤ አንዱ ዓመት ሲወድቅ ሲተከል ግማሽ ሜትር ወደ መንገድ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጎረቤት። 220 ካሬ ብለሽ ሸጠሽ ልኬቱ 205 ቢመጣ፣ ወይም ከካርታው ውጭ የሆነ ነገር አጥርሽ ውስጥ ቢገኝ፣ ያንን ገዢው ስም ሊያዞር ሲሄድ ከሚያውቀው አንቺ ዛሬ ብታውቂው ይሻላል። የብሎኬቱ ሰርቪስ በፈቃድ የተሠራ መሆኑንም በዚያው አጣሪ። ካልሆነ እንደ ተመዘገበ ቤት አድርገሽ ዋጋ አትጨምሪበት፤ ለገዢውም ንገሪው። ቆርቆሮውን በተመለከተ፣ በመንገድ በኩል ያለውን የተበሳሳ ብቻ ቀይሪ። ከጎረቤት በኩል ያለው ይቆይ።

አሁን ቀለም። ከመስቀል በፊት ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ግቢሽ እንዳይገባ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በበጋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አዲስ ያስለሰንሽው ቦታ ደግሞ አንድ ወር ያህል ይረፍ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ ይድረቅ። ለውጭ ግድግዳ የተሠራ ቀለም ይሁን፤ ኳርትዝ የሚባለው ቀለም ውድ ነው ግን ትንንሽ ጉድፍን ይሸፍናል። ሠራተኛውን በቁርጥ ከሰጠሽው ቀለሙን ራስሽ ገዝተሽ አቅርቢ፣ ሲበጠብጥም አጠገቡ ቁሚ። ቁርጥ የያዘ ቀለም ቀቢ ውሃ ያበዛል፤ ክፋት ሆኖ አይደለም፣ ባልዲው እንዲያደርሰው ነው።

ቀለሙ ነጣ ያለ ክሬም ይሁን፤ አረንጓዴና ሮዝ የእናትሽ ምርጫ ቢሆንም የገዢው ላይሆን ይችላል። ከታች ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ጠቆር ያለ ግራጫ ቀቢው። የጉለሌ ቀይ ጭቃ በመጀመሪያው ዝናብ ክሬሙ ላይ ፈንጥቆ ሥራሽን ሁሉ ያጠፋዋል። ቤቱ በኮሪደር ልማት መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ የቀለም ምርጫው የአንቺ ብቻ ስላልሆነ ባልዲ ከመግዛትሽ በፊት ወረዳ ጠይቂ።

ክዳኑን ረስተሽዋል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ሰፈርሽ ዳገት ነው። ገዢው ከላይኛው መንገድ ሲወርድ ከግድግዳው በፊት የሚያየው ክዳኑን ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ የተጫነ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ካለ አውርጂው፣ የላላውን ቆርቆሮ ጎማ ባለው ምስማር አስመቺው። ድንጋይ የተጫነበት ክዳን «እዚህ ቤት በሌሊት ያንጓጓል» እያለ ይናገራል። ዝገቱ ቀላል ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ አንቲረስት ከዚያም ቀለም ይቀባ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለውን ቆርቆሮ ግን አትቀቢው፣ ቀይሪው።

ግቢውን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቁራሌውን ጥሪ። የተሰበረው አልጋ፣ የምጣዱ ክዳን፣ ዝገት የበላው በርሜል፣ ከሰርቪሱ ጀርባ የተጠራቀመው ሁሉ ይሂድ። እህትሽ ያኔ አብራሽ ብትሆን ጥሩ ነው፤ የእናት ዕቃ ብቻሽን ስትሸኚ ከባድ ነው፣ ኋላም «ያንን የት አደረግሽው?» ይመጣል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ከሆነ መምጠጫ መኪና አስመጪ፣ የጉድጓዱም ክዳን በወጉ ይገጠም። ይህን የምለው ሽታ ከቀለም ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። በሩ ፊት ያለውን ዲች አስጠርጊ፤ የመንግሥት ነው ብለሽ አትተዪው። ከሱቁ ባለቤትና ከቅርብ ጎረቤቶች ጋርም ቁጭ ብለሽ ቡና ጠጪ። ገዢ አንቺን ከሰማ በኋላ ተመልሶ ሄዶ እነሱን ነው የሚጠይቀው።

የጌሾውን፣ የጤና አዳሙን ወይም ያለውን ማንኛውንም ተክል አትንቀዪ። ደረቁን ብቻ ቁረጪ። ከግድግዳው የተጠጋ ባሕር ዛፍ ካለ ግን እሱ ሌላ ነው። ሥሩ ወዴት እንደሄደ እስክታውቂ አትቁረጪው፣ አንድ ሰው ጠርተሽ አሳዪ። ከገንዘቡ የቀረውን ደግሞ ለወንድምሽ መልሺለት ወይም ለውሉ ወጪ አስቀምጪው። ግማሹን እንኳ ሳትነኪ ብትጨርሺ አይገርመኝም። እህትሽም «አንድ ብር አይውጣ» ያለችው በከፊል ትክክል እንደነበረች ታያለሽ።

ቀጠሮ ስትሰጪ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አድርጊው፤ የቤቱ ፊት ፀሐይ የሚያገኘው በዚያ ሰዓት መሆኑን ግን ቀድመሽ ሄደሽ እይ፣ ቤቱ ወዴት እንደሚመለከት አልነገርሽኝም። እስከዚያው ድረስ ዛሬ የምትሠሪው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ዣንጥላውና ጅብሰሙ። መስከረም ሲገባ ጅብሰሙን አይተሽ ጻፊልኝ። ተሰንጥቆ ከሆነ ቀለም ቀቢውን ገና አትጥሪው።